ፒክአፕ ላይ ቦል ጆይንት ያለጊዜው ሲያልቅ፦ ከጣርማበር ቁልቁለትና ከመንዝ ጠጠር የተገኘ ተሞክሮ

ቦል ጆይንት (የፊት ጎማውን ተሸካሚ ከአርሙ ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) መቀየር ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ፣ የተቀየረው ቦል ጆይንት በስድስት ወሩ ተመልሶ ሲንኳኳ ምክንያቱን መናገር ነው። ጥሩ አስፋልት ላይ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያገለግል የሚችል ዕቃ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንዳንዴ 20,000 ሳይሞላ ያልቃል። ባለመኪናው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል፣ ሻጩ «መካኒኩ ነው ያበላሸው» ይላል፣ መካኒኩ «መንገዱ ነው» ይላል። ሦስቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከቦል ጆይንቱ አጠገብ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ ያላየው ቦታ ላይ ነው ያለው። እሱ ሳይገኝ የሚገጠም አዲስ ዕቃ የአሮጌውን ዕጣ ይደግማል።

በመጀመሪያ መኪናችሁ ቦል ጆይንት እንዳለው እርግጠኛ ሁኑ። ቀልድ አይደለም። እዚህ የምንናገረው የፊት እግራቸው በላይኛውና በታችኛው አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዝ የብረት ክንድ) ስለተሠራ ፒክአፖች ነው፦ ቪጎና ሬቮ የምንላቸው ሃይሉክሶች፣ ዲማክስ፣ ኤል 200፣ ናቫራ፣ ሬንጀር። ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕና ፊቱ በባሌስትራ የቆመው አሮጌው ባለ 4 በ 4 ሃይሉክስ የፊት አክስላቸው ድፍን ነው። እነሱ ላይ ጎማው በመሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው ከላይና ከታች በተቀመጡ ኩሽኔታዎች ነው። ጎማውን ይዛችሁ ስትነቀንቁ ክፍተት ከተሰማችሁ የሚፈለገው ኩሽኔታው ነው፤ ከሱቅ ቦል ጆይንት መጠየቅ ድካም ብቻ ነው። የመሪ ዘንግ ጫፍ ላይ ያሉት ታይ ሮድ ኤንዶች ግን ሁሉም መኪና ላይ አሉ፣ በአሠራርም የቦል ጆይንት ወንድም ናቸው። ስለ ጎማ ሽፋንና ስለ ግራሶ የምንለው ለእነሱም ይሠራል።

ሸክሙን የቱ ነው የሚይዘው?

ቦል ጆይንት ብረት ቤት ውስጥ የተቀመጠች፣ አንገቷ ዘንግ የሆነ ኳስ ናት። በኳሷና በቤቷ መካከል ስስ የፕላስቲክ ጎጆና ግራሶ አለ፣ አፉ ላይ ደግሞ አቧራና ውሃ የሚከለክል የጎማ ሽፋን። መሪ ሲዞር ኳሷ ትዞራለች፣ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ትዘነብላለች።

በአንድ ጎማ ላይ ሁለት ቦል ጆይንት አለ፤ ግን እኩል አይሸከሙም። ክብደቱን የሚይዘው ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው ረጅም ዘንግ) ያረፈበት አርም ቦል ጆይንት ነው። ቪጎና ሬቮ ላይ ሞላው የታችኛው አርም ላይ ስለሚያርፍ ተሸካሚው የታችኛው ነው። የላይኛው ሥራው ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲቆም መያዝ ነው። ቶርሽን ባር ያለው መኪና ከሆነ ባሩን ከሻንሲው ጀምራችሁ በእጃችሁ ተከተሉት። የታችኛውን አርም ይዞ ከሆነ ነገሩ ያው ነው። የላይኛውን ከያዘ ግን (በ1980ዎቹ አጋማሽና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ፊታቸው በአርም የሆነ ባለ 4 በ 4 ሃይሉክሶች እንዲህ ናቸው) ተሸካሚው የላይኛው ይሆናል። ይህን ሳታውቁ የምታደርጉት ምርመራ ሁሉ ግምት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። አንዳንዱ ቦል ጆይንት ላይ ክብደቱ ኳሷን ወደ ቤቷ ይጫናታል፤ እንዲህ ያለው ሲያልቅ እያንኳኳ ጊዜ ይሰጣል። ሌላው ላይ ክብደቱ ኳሷን ከቤቷ ለማውጣት ይጎትታታል። ይህኛው ነው የሚያስፈራው፤ ቤቱ ሲሰፋ አንድ ቀን ኳሷ ትወጣና ጎማው ከፓራፋንጎው ስር ይታጠፋል፣ የፍሬን ቱቦውንም ሊበጥስ ይችላል። ቶዮታ በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታኮማንና ቱንድራን ጨምሮ በርካታ መኪኖችን ለጥገና የጠራው፣ የታችኛው ቦል ጆይንት ኳስ ሲመረት ተጭሮ ሊሆን ይችላል በሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ከፋብሪካ የመጣ ትንሽ ጭረት ያን ያህል ካስጨነቀ፣ ያንኑ ጭረት የመንዝ አቧራ ኳሷ ላይ በየቀኑ ሲጽፍ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ምርመራው፣ ክሪኩ የት ይግባ?

የመጀመሪያው ምልክት ድምፅ ነው። የደብረ ብርሃን ኮብል ስቶን ላይ በዝግታ ስትሄዱ ከአንድ ወገን ብቻ ደረቅ «ኳ… ኳ» ትሰማላችሁ። ፍሬን ስትይዙ አንዴ «ኳ» ብሎ ዝም ካለ ጥርጣሬው ይጠናል። መሪ ስትመልሱ እንደ አሮጌ በር ከጮኸ ውስጡ ደርቋል ወይም ውሃ ገብቷል። የፊት ጎማ አንድ ጠርዙ ብቻ ሲበላና መኪናው ቀጥታ አስፋልት ላይ ወዲያና ወዲህ ማለት ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ሰንብቷል ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሲመረምር ነው። ክሪኩን ሻንሲው ስር አድርጎ ጎማውን ያንጠለጥላል፣ ይነቀንቃል፣ ምንም አይሰማውም፣ «ደህና ነው» ብሎ ያወርዳል። ሻንሲው ሲነሳ የቶርሽን ባር መኪና ላይ ባሩ አርሙን ወደ ታች መግፋቱን ስለማያቆም ኳሷ እንደተወጠረች ትቆያለች፤ ክፍተቱ ይደበቃል። ሞላና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ በታሰሩት ላይ ደግሞ አርሙ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ ኳሷ ዘወትር ከማትሠራበት፣ ስለዚህም ካልተበላ ጥግ ላይ ትቆማለች። በሁለቱም መንገድ የሞተ ቦል ጆይንት ጤነኛ መስሎ ያልፋል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን ታኮ አድርጉ። ተሸካሚው የታችኛው ከሆነ ክሪኩን የታችኛው አርም ስር፣ በተቻለ መጠን ወደ ቦል ጆይንቱ አስጠግታችሁ አስገቡና ጎማው ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪለቅ አንሱ። አሁን ሞላው በክሪኩ ተይዟል፣ ኳሷ ነጻ ናት። ሻንሲው ስር ለጥንቃቄ የብረት ማቆሚያ አድርጉ። ተሸካሚው የላይኛው ከሆነ ግን በላይኛው አርምና በሻንሲው መካከል ጠንካራ እንጨት ወሽቁና ክሪኩን ሻንሲው ስር አድርጋችሁ አንሱ፤ እንጨቱ አርሙ እንዳይወርድ ይይዘዋል።

ከዚያ አንድ ሰው ረጅም ብረት (ዲጂኖም ይሆናል) ጎማው ስር አስገብቶ ወደ ላይ ቀስ እያለ ያንሳ፣ ይልቀቅ። ሌላው በባትሪ ብርሃን ኳሷ ከቤቷ ጋር የምትገናኝበትን ቦታ ይይ። ጎማው ሲነሳ አርሙ ወዲያው አብሮ ካልተነሳ፣ በመካከል የምትታየዋ እንቅስቃሴ ናት ክፍተቱ። የሚፈቀደው ልክ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የመኪናችሁን የጥገና መጽሐፍ ተመልከቱ፤ በዲያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በሚያሳይ ባለ ሰዓት መለኪያ) መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ለእኛ መንገድ የኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ክፍተቱ ያለ መለኪያ በዓይን ከታየ አትከራከሩ፣ ቀይሩት።

ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁ። ክፍተት ካለ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ክፍተቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት ወይም የአርሙ ጎሚኒ (አርሙ ሻንሲው ላይ የሚያርፍበት ጎማ) ነው። ይህችን አንዲት ርግጫ ባለማድረግ ብቻ ስንት ጤነኛ ቦል ጆይንት ተነቅሎ ተጥሏል! ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ የሚሰማው ክፍተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የታይ ሮድ ነው።

በመጨረሻ የጎማ ሽፋኑን በጣታችሁ ዙሩት። እጥፋቶቹን ክፈቱ፣ ከኋላ በኩልም እዩ፤ የሚቀደደው በማይታየው ወገን ነው። የዝገት ቀለም ያለው ግራሶ ከወጣ ኳሷ ተበልታለች፤ ክፍተት ባይኖርም ቀኗ ቀርቧል።

ሽፋኑ ሲቀደድ

ያለጊዜው የሚያልቅ ቦል ጆይንት ሲፈታ በብዛት የሚገኘው ታሪክ አንድ ነው፤ ሽፋኑ ቀድሞ ሄዷል። አቧራ ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል ሞረድ ይሆናል። በበጋ የመንዝ የጠጠር መንገዶች ላይ የሚነሳው አቧራ ዱቄት ነው፣ ቀዳዳ አይመርጥም። በክረምት ደግሞ ውሃ ይገባል፤ ኳሷ ላይ የዝገት ነጠብጣብ ይሠራል፣ ነጠብጣቡ የፕላስቲክ ጎጆውን እየፋቀ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሽፋን ተቀዶ ስታዩ «ገና አላንኳኳም» ብላችሁ አትተዉት። ቀዳዳው የትናንት ከሆነና ኳሷ ንጹሕ ከሆነች አንዳንድ መኪና ላይ ሽፋኑን ብቻ መቀየር ይቻላል። ሳምንታት ካለፉ ግን ሙሉውን ቀይሩ፤ ሞረዱን ውስጡ ዘግቶ መተው ምንም አይጠቅምም።

ሽፋኑን የሚቀድደው መንገድ ብቻ አይደለም። በእነዋሪ፣ በጅሁርና በደነባ በኩል ያለው መረሬ አፈር ክረምት ላይ አርሙንና ሽፋኑን ጠቅልሎ ይይዛል። ማታ መኪናው ሲቆም ይደርቃል፣ ጡብ ይሆናል። ጠዋት መሪ ሲዞር ጡቡ ሽፋኑን ከክሊፑ ይነቅለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጭቃው ሳይደርቅ፣ የዚያኑ ዕለት ማታ በእንጨት ቁራጭ አውጡት። ብረት አትጠቀሙ።

ላቫጆም ድርሻ አለው። የግፊት ውሃ በቅርብ ሽፋኑ ላይ ሲነጣጠር ውሃው በክሊፑ ስር ይገባል። ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ፣ ቦል ጆይንቱ ላይም ቀጥታ አይነጣጠር። ከዚህ የባሰው ግን «ሥሩ እንዳይዝግ» ተብሎ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ የሚረጨው ነው። ናፍጣ የጎማ ዕቃን ያሳብጣል፣ ያላላል፤ ቦል ጆይንት ሽፋን ብቻ ሳይሆን ጎሚኒውን ሁሉ ይጎዳል። መኪናው ከታጠበ በኋላ ሥሩ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ምን እንደተረጨበት ጠይቁ።

ሦስተኛው አጥፊ የግራሶ ፖምፓው ነው። መግቢያ ያለው ቦል ጆይንት ሁለት ወይም ሦስት ምት ይበቃዋል፤ ሽፋኑ ትንሽ ከፍ ሲል አቁሙ። እስኪነፋ ድረስ መምታት ሽፋኑን ያፈነዳዋል። ከመምታታችሁ በፊት የመግቢያውን ጫፍ በጨርቅ ጥረጉ፤ ካልጠረጋችሁ ጫፉ ላይ ያለውን አሸዋ በግፊት ወደ ውስጥ የምታስገቡት ራሳችሁ ናችሁ። ለጠጠር መንገድ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ወንዝ ከተሻገራችሁ ደግሞ በዚያው ሳምንት ስጡት። ግራሶው ቁጥር 2 የሊትየም ግራሶ ይሁን። የታሸገውንና መግቢያ የሌለውን ቦል ጆይንት በትራፓኖ በስቶ መግቢያ መትከል የምናየው ልማድ ነው። የብረቱ ፍቅፋቂ ቀጥታ ኳሷ ላይ ነው የሚወድቀው። ይቅር።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የደብረ ብርሃን ውርጭ ጥራት የሌለውን ጎማ ያደርቀዋል፣ በዚያው ቀን ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ይለሰልሳል። ርካሽ ሽፋን በዚህ መመላለስ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ከፍ ማድረግ፣ ጭነትና ጣርማበር

ፊቱን ከፍ የማድረግ ፍላጎት ይገባናል፤ የዓለም ከተማ መንገድ ላይም ሆነ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ድንጋይ ሆድ ይመታል። ነገር ግን በስፔሰር (ሞላው ላይ በሚጨመር ማንሻ) ወይም የቶርሽን ባሩን ብሎን በማጥበቅ ፊቱ ሲነሳ አርሞቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፣ ኳሷም ገና መኪናው እንደቆመ ወደ ቤቷ ጠርዝ ትጠጋለች። ከዚያ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል አንገቷ ጠርዙን ይመታል። ሽፋኑ በአንድ ወገን ይጨፈለቃል፣ በሌላው ይወጠራል። የላይኛው ቦል ጆይንት ሽፋን በየጊዜው በአንድ ወገን ብቻ የሚቀደድባችሁ ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልጉ፣ ከፍታውን ለኩ። ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ጻፉ፤ ማንም ብሎን ሳይነካ የነበረውን ልክ ማወቅ ጥሩ ነው። ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ለማንሳት ለዚያ ከፍታ የተሠራ የላይኛ አርም ያስፈልጋል። አርሙ ከሌለ ከፍታውም አይኑር።

ቸርኬን ወደ ውጭ የሚያወጣ ስፔሰር ወይም ሰፊ ጎማም እንዲሁ ነው። ጎማው ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር እያንዳንዱ የድንጋይ ምት በረጅም ክንድ ወደ ቦል ጆይንቱ ይደርሳል። ለመልክ ሲባል የሚከፈለው ዋጋ የሚመጣው በኋላ ነው።

ስለ ጭነት የሚነገረው ብዙ ጊዜ የኋላውን ባሌስትራ ብቻ ነው። ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ እንደ ዓይነቱ ሰዎቹን ጨምሮ የሚሸከመው 1 ቶን ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ከሸዋ ሮቢት ሰባት ኩንታል ሽንኩርት ጭኖ አራት ሰው ቢያሳፍር ልኩ ላይ ደርሷል፤ አሥር ኩንታል ከሆነ አልፏል። ጭነቱ ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ከተከመረ ፊቱ ይነሳል፣ አርሞቹ እንደተንጠለጠሉ ይጓዛሉ። ያ ማለት ስፔሰር የተደረገበት መኪና ጉዳት ያለ ስፔሰር መጣ ማለት ነው። ከባዱን ኩንታል ከጋቢናው ጀርባ አስጠግታችሁ ጫኑ።

ጣርማበር ደግሞ ሌላውን ጫፍ ያሳያል። ከዋሻው አጠገብ ያለው ከፍታ ከ3,200 ሜትር አይርቅም፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በደብረ ሲና በኩል ሲወረድ ወደ 1,900 ሜትር ዝቅ ይባላል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ከዚያም በላይ የፍሬኑ ኃይል ራሱ በሁለቱ ቦል ጆይንቶች ያልፋል፤ የታችኛውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ የላይኛውን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ቁልቁለቱን ከላይ ጀምሮ ፍሬን እያሻሸ የሚወርድ ሰው የፍሬን ሸራውን ብቻ ሳይሆን የኳሶቹንም ጎጆ ነው የሚበላው። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር ብሎ በአጭሩ ተይዞ ይለቀቅ።

ያለቀ ሾክ አብዞርበርም ሊረሳ አይገባም። ጠጠር መንገድ ሞገድ ሞገድ ሲሠራ ጎማው በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይዘላል፤ የሚያረጋጋው ሾኩ ነው። ሾኩ ዘይት ካንጠባጠበ አዲስ ቦል ጆይንት ከመግዛት በፊት እሱ ይቀየር። ባላንስ የጎደለው ጎማም ያንኑ መንቀጥቀጥ አስፋልት ላይ ይሠራዋል። መኪናው ቆሞ መሪ ማዞርም አይጠቅምም፤ ትንሽ እየተንቀሳቀሰ ይዞር።

ዕቃ ስትገዙ

የካርቶን ማኅተም ማየት አይበቃም፣ ካርቶን ይታተማል። ዕቃውን አውጡና ዘንጓን በእጃችሁ አዟዙሩ። ጥሩ ቦል ጆይንት እኩል በሆነ ጥብቀት፣ ሳይደናቀፍ ይዞራል። ዘንጓ በራሷ ክብደት ወዲያ ወዲህ የምትወድቅ ከሆነ፣ ወይም አንድ ቦታ ጠብቃ ሌላ ቦታ የምትላላ ከሆነ መልሱት። የጥገና መጽሐፍ አሠራሩ ዘንጓን አምስት ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጎ፣ ከዚያ አንዱን ዙር ከ2 እስከ 4 ሰከንድ እየፈጀ በቶርክ ቁልፍ (የማዞሪያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ) ማዞርና አምስተኛው ዙር ላይ ማንበብ ነው። ሱቅ ውስጥ ይህን ማድረግ ባይቻልም እጅ ብዙ ያውቃል። የሽፋኑ ክሊፕ ከላይም ከታችም መኖሩን፣ ዳዶውና ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ) አብረው መምጣታቸውን እዩ። የ4 በ 2ና የ4 በ 4 ዕቃ ሊለያይ ይችላል፣ አንዳንዱ የግራና የቀኝም ለየብቻ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ።

በብየዳ «ማስጠበብ» የሚባለውን ፈጽሞ አትቀበሉ። ሙቀቱ የውስጡን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፣ ግራሶውን ያቃጥለዋል፣ ብረቱንም ተሰባሪ ያደርገዋል። ለጥቂት ቀን ዝም ይላል፤ ሲለቅ ግን ሳያንኳኳ ነው።

ሲገጠም

መኪናው መሬት ላይ እያለ የጎማ ዳዶዎቹን ግማሽ ዙር አላሉ። ከዚያ ፊቱን አንስታችሁ ሻንሲው ስር የብረት ማቆሚያ አድርጉ፣ ጎማውን አውጡ። ሁለተኛውን ክሪክ የታችኛው አርም ስር አስገብታችሁ ትንሽ ወጥሩት፤ ሥራው እስኪያልቅ ከዚያ አይነሳም። የተወጠረ ሞላ ድንገት ሲለቅ እጅ ይቆርጣል። ቶርሽን ባር ከሆነ የማስተካከያውን ብሎን ከማላላታችሁ በፊት በቀለም ምልክት አድርጉበትና ስንት ዙር እንደፈታችሁ ጻፉ።

የፍሬን ካሊፐሩ መውረድ ካለበት በሽቦ ይሰቀል፣ በቱቦው አይንጠልጠል። የኤቢኤስ ሽቦ ካለ ማሰሪያውን ቀድማችሁ ፍቱ። ኮፒሊያውን አውጡ፣ ዳዶውን አላሉት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፣ ጥቂት ጥርስ ይያዝ። ኳሷን ከናክሉ (ጎማው ከሚያርፍበት ብረት) ወይም ከአርሙ ለማላቀቅ መንቀያ ተጠቀሙ። በመዶሻ የሚገባው ሹካ ሽፋን ይቀድዳል፤ ለምትጥሉት ዕቃ ግድ የለም፣ ለሌላው ግን አይሆንም። መንቀያ ከሌለ የቀዳዳውን ዙሪያ ብረት በሁለት መዶሻ ከግራና ከቀኝ በአንድ ጊዜ መምታት ያስለቅቀዋል። የዘንጓን ጥርስ ከታች ወደ ላይ መቀጥቀጥ ግን ክልክል ነው።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት ያለው አሥር ደቂቃ ከሥራው ሁሉ ይበልጣል። ዘንጓ የምትገባበት ቀዳዳ ሾጣጣ ነው፤ በብረት ብሩሽና በብሬክ ክሊነር አጽዱት፣ ደረቅ ይሁን። ግራሶ አይቀባ፤ ሾጣጣ የሚይዘው በደረቅ ብረት ነው። አዲሷን ዘንግ በእስክሪብቶ ቀለም ቀብታችሁ አስገቡና አውጧት። ቀለሙ ዙሪያዋን ከነካ ቀዳዳው ደህና ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ከነካ ቀዳዳው ተበልቷል፣ ያንን ናክል ወይም አርም ሳትቀይሩ የምትገጥሙት ቦል ጆይንት ይላላል፣ አንገቱም ይሰበራል። «አዲሱም ቶሎ አለቀ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እዚህ ይጀምራል።

ተጨምቆ የሚገባ ዓይነት ከሆነ በፕሬስ ይግባ። መዶሻ ቤቱን ያጣምማል። ያለ ፕሬስ በእጅ ከገባ ደግሞ የአርሙ ቀዳዳ ሰፍቷል፣ አርሙ ይቀየር።

ዳዶውን በመጽሐፉ ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ጨምሩ፤ የቶዮታ መመሪያ እስከ 60 ዲግሪ ይፈቅዳል። ወደ ኋላ መመለስ የለም። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን፣ አሮጌው ተቃንቶ አይመለስ። የአርሙን የጎሚኒ ብሎኖች ፈትታችሁ ከነበረ የመጨረሻውን ማጥበቅ መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ አድርጉት፤ አንጠልጥሎ ማጥበቅ ጎሚኒውን ጠምዝዞ ያስራል። በተመሳሳይ ዕድሜ ላይ ያሉ ሁለት ተሸካሚ ቦል ጆይንቶች ከሆኑ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ፤ የማይሸከሙትን ግን ደህና ከሆኑ አትንኩ፣ ገንዘብ ነው።

በዚያው ቀን አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከል) ይሠራ። ሳይሠራ ወደ መሐል ሜዳ ከተሄደ የጎማው ጠርዝ በጠጠሩ ላይ ይላጣል፣ ጎማው እየተጎተተ ቦል ጆይንቱን በጎን ሲገፋው ይውላል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮፒሊያውን፣ ሽፋኑንና የጎማ ዳዶዎቹን ተመልከቱ።

መንገድ ላይ ቢንኳኳ

ክፍተቱ በዓይን የሚታይ ሆኖ ከጣርማበር በላይ ካላችሁ አትውረዱ። ጭነቱን አራግፉ፣ ቁልቁለት በሌለበት በኩል በእግር ፍጥነት እስከ ቅርቡ ደልዳላ ቦታ ብቻ ሂዱ፣ ዕቃውን ከደብረ ብርሃን አስመጥታችሁ እዚያው ግጠሙ። አርሙንና ናክሉን በሽቦ ወይም በሰንሰለት ማሰር እናያለን፤ መሪ ሲዞርና ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን ኃይል አይይዘውም። ኳሷ ከወጣች ጎማው መንገድ ላይ ስለማይቆም በፊቱ እየተጎተተ መሄድ አይቻልም፤ ፊቱ ተነስቶ ወይም መኪናው ተጭኖ ነው የሚሄደው። ከመጫኑ በፊት የፍሬን ቱቦውንና የሰሚያሱን (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ሽፋን እዩ፣ አርሙ ሲወድቅ ሁለቱን ይዞ ወርዶ ሊሆን ይችላል።